መሲሕ ማለት አምላክ ማለት ነው እንዴ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አይሁድ የሚጠብቁት መሲሕ ሰው ነው፤ ከዳዊት ዘር የሚነሣ ንጉሥ። ታዲያ ክርስቲያኖች መሲሑ አምላክ ነው የሚለውን ከየት አመጡት? በ325 በኒቅያ ጉባኤ ላይ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በድምፅ ብልጫ አስወሰነው የሚባለውስ እውነት ነው? ኢየሱስ ራሱ ‹አብ ከእኔ ይበልጣል› ብሎ የለ እንዴ?»

ይህ አንድ ጥያቄ አይደለም፤ ሦስት ነው። የአዲስ ኪዳንና የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አስተምራለሁ። ይህ ነገር ሳይነሣብኝ ያለቀ ሴሚስተር አላስታውስም። የምመልሰው እንደ ታሪክ አስተማሪ ነው። ኢየሱስ አምላክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ታሪክ አይፈርድም፤ እሱ የእምነት ጉዳይ ነው። ሰዎች መቼ፣ የት፣ በምን ቃል እንዲህ ማለት ጀመሩ የሚለውን ግን ዱካውን መከተል ይቻላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ እንጀምር። መሲሕ በዕብራይስጥ «የተቀባ» ማለት ነው፤ በዘይት የተቀባ። ክርስቶስ የሚለው ግሪክኛ ደግሞ የዚያው ቃል ቀጥታ ትርጉም ነው። ሳሙኤል የዘይት ቀንዱን ይዞ እሴይ ቤት ገባ። ትልልቆቹ ልጆች አንድ በአንድ አለፉ። ትንሹ ከበጎች ዘንድ ተጠርቶ መጣ። ዘይቱ የፈሰሰው እሱ ራስ ላይ ነው። በቃ፣ ያ ልጅ መሲሕ ሆነ። ሳኦልም መሲሕ ነበር። ዳዊት ዋሻ ውስጥ የሳኦልን ልብስ ጫፍ ቆርጦ ልቡ የመታው «እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጄን አነሣሁ» ብሎ ነው። ካህናትም ይቀቡ ነበር።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስደነግጣቸው ግን ኢሳይያስ 45 ነው። ምዕራፉ ሲከፈት እግዚአብሔር የቀባው ተብሎ የሚጠራው ቂሮስ ነው። የፋርስ ንጉሥ! አይሁዳዊ እንኳ አይደለም። እዚያው ጥቂት ወረድ ብሎ እግዚአብሔር «አንተ ሳታውቀኝ» ይለዋል። አምላኩን የማያውቅ ሰው መሲሕ ተባለ ማለት ነው። ይህን ምዕራፍ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ጠያቂው እዚህ ላይ ልክ ነው። መሲሕ የሚለው ቃል በራሱ አምላክ ማለት አይደለም። «ኢየሱስ መሲሕ ነው» እና «ኢየሱስ አምላክ ነው» ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው። ብዙ ክርክር መቋጫ የሚያጣው፣ አንዱ ወገን ስለ መጀመሪያው ሲያወራ ሌላው ስለ ሁለተኛው ስለሚመልስ ነው።

የማልስማማው «አይሁድ የሚጠብቁት» በሚለው ላይ ነው። ሁሉም አንድ ነገር ይጠብቁ እንደነበር ያስመስላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ትምህርት አልነበረም። ሙት ባሕር ዳር ቁምራን ላይ የተገኘው የማኅበር ደንብ ሁለት መሲሖችን ይጠብቃል፤ አንዱ ከአሮን፣ ሌላው ከእስራኤል። ኢየሩሳሌምን ከአሕዛብ የሚያጸዳ የዳዊት ልጅ የሚጠብቁ ነበሩ። መሲሕ የሚባል ነገር ጨርሶ የማያነሡ ጽሑፎችም አሉ።

ከዚህ ሁሉ መሐል ዳንኤል 7 ለብቻው ይቆማል። ዙፋኖች ተዘረጉ ይላል። በዘመናት የሸመገለው ተቀመጠ። ከዚያ የሰው ልጅ የሚመስል አንድ አካል ከሰማይ ደመና ጋር መጣ፤ የማያልፍ ግዛትም ተሰጠው። ልብ በሉ፣ ዙፋኖች ነው ያለው። አንዱ የሸመገለው ከሆነ ሌላው የማን ነው? ደግሞስ ደመናን እንደ ሠረገላ መያዝ በብሉይ ኪዳን የእግዚአብሔር የራሱ ነገር አልነበረም?

ሄኖክ እዚህ ላይ ይገባል። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። የዓለም ተመራማሪዎች ይህን ለማንበብ ብለው ግእዝ ይማራሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ «ወልደ ሰብእ»፣ ወረድ ብሎም «ወልደ እጓለ እመሕያው» የሚባል አለ፤ ሁለቱም የሰው ልጅ ማለት ናቸው። ምዕራፍ 48 ላይ ፀሐይና ከዋክብት ሳይፈጠሩ ስሙ በመናፍስት ጌታ ፊት ተጠራ ይላል። በክብር ዙፋን ተቀምጦ ይፈርዳል። ነገሥታት በፊቱ ይወድቃሉ። እዚያው ምዕራፍ 48 መጨረሻ ላይ ደግሞ መሲሕ ተብሏል።

«ይህን ክርስቲያን ነው የጻፈው» የሚሉ ነበሩ። ቁምራን ላይ ከተገኙት የሄኖክ ቁርጥራጮች ውስጥ ይህ ክፍል አለመኖሩ ጥርጣሬውን አጠናከረው። ግን ምዕራፍ 71ን እዩት። መጨረሻ ላይ ሄኖክ ወደ ሰማይ ይወጣና ያ የሰው ልጅ አንተ ነህ ይባላል። ሄኖክ ነው እንጂ ኢየሱስ አይደለም። የትኛው ክርስቲያን እንዲህ ብሎ ይጽፋል? ስለዚህ ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች በክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ የተጻፈ አይሁዳዊ ጽሑፍ ነው ይላሉ። ከሰማይ የሆነ፣ ከዓለም በፊት የታሰበ፣ በዙፋን የሚቀመጥ መሲሕ ክርስቲያኖች ከባዶ የፈጠሩት ሐሳብ አይደለም ማለት ነው።

አይሁድ ራሳቸው ግን ይህን ሐሳብ በቀላሉ አልዋጡትም። ታላቅ የአይሁድ መምህር ስለነበረው ስለ ረቢ አቂባ የሚነገሩ ሁለት ታሪኮች አሉ። ጽሑፎቹ ከሱ ዘመን በኋላ የተጠናቀሩ ናቸው፤ ግን ነገሩን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያሉ። በ132 ባር ኮክባ በሮም ላይ ሲያምፅ አቂባ «ንጉሡ መሲሕ ይኸውላችሁ» አለ። አንድ ረቢ ሲመልስለት፦ «አቂባ፣ ጉንጭህ ላይ ሣር ይበቅላል፣ የዳዊት ልጅ ግን ገና አይመጣም!» አለው። ቀልድ ነው። ተሳስተሃል ነው ያለው፤ እግዚአብሔርን ሰደብክ አላለውም። ባር ኮክባ በ135 ሞተ፤ ነገሩም አበቃ።

ሁለተኛው ታሪክ በዳንኤል ዙፋኖች ላይ ነው። አቂባ «አንዱ ለእግዚአብሔር፣ አንዱ ለዳዊት» ብሎ ተረጎመ። ለመሲሑ ማለቱ ነው። ገሊላዊው ረቢ ዮሴ ወዲያው ተቆጣ፦ «አቂባ፣ እስከ መቼ ነው የእግዚአብሔርን ክብር የምታረክሰው?» ይህ ቀልድ አይደለም። አንድን ሰው መሲሕ ብለህ ብትሳሳት ይሣቅብሃል። መሲሑን እግዚአብሔር አጠገብ ብታስቀምጠው ግን ድንበር አለፍክ።

አሁን ማርቆስ 14ን አንብቡት። ሊቀ ካህናቱ ኢየሱስን «የቡሩክ ልጅ ክርስቶስ አንተ ነህን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ኢየሱስ አዎ ይልና ሁለት ጥቅሶችን ያጣምራል። አንዱ በኃይል ቀኝ ስለ መቀመጥ ነው፤ መዝሙር 110። ሁለተኛው በሰማይ ደመና ስለ መምጣት ነው፤ ዳንኤል 7። ሊቀ ካህናቱ ልብሱን የቀደደው ያን ጊዜ ነው። መሲሕ ነኝ ማለት ብቻውን ልብስ አያስቀድድም። ቀኙ መቀመጥ ግን ያስቀድዳል።

ሆኖም ሄኖክም ሆነ ዳንኤል እስከ መጨረሻው አያደርሱንም። በሄኖክ መጽሐፍ የተጻፈውን የሰው ልጅ በጸሎት የሚጠራ፣ በስሙ የሚያጠምቅ፣ በስሙ ማዕድ የሚቆርስ ማኅበር አናውቅም። አዲሱ ነገር ይህ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ የተጠራው በቅርቡ በሮማውያን እጅ የተሰቀለ ሰው ነው። ኦሪት ዘዳግም በእንጨት የተሰቀለ የተረገመ ነው እያለ! ለአይሁዳዊ ጆሮ ከዚህ የሚከብድ ነገር ያለ አይመስለኝም።

እንዴት ተቻለ? እኔ ብዙውን ክብደት የምጥለው በአንድ መዝሙር ላይ ነው። አዲስ ኪዳን ከብሉይ ኪዳን ደጋግሞ የሚጠቅሰው እሱን ነው፤ መዝሙር 110 (በግእዙ 109)። በአማርኛ «እግዚአብሔር ጌታዬን በቀኜ ተቀመጥ አለው» እንላለን። እግዚአብሔርና ጌታ ሁለት ቃላት ሆነው ተለያይተዋል። ዕብራይስጡም ይለያቸዋል፤ መጀመሪያ የእግዚአብሔር ስም ነው፣ ቀጥሎ ለሰው ጌታም የሚሆነው «አዶኒ» ነው። ግሪክኛው ግን ሁለቱንም ኪርዮስ አላቸው። ግእዙ የግሪኩን መንገድ ይዟል፦ «ይቤሎ እግዚእ ለእግዚእየ፣ ንበር በየማንየ»። እግዚእ ለእግዚእ ተናገረ። በዕብራይስጥ ሰፊ የነበረው ርቀት በግሪክ ጠበበ፣ በግእዝ ደግሞ አንዲት ፊደል ሆኖ ቀረ። ኢየሱስ ተነሥቷል፣ በቀኙ ተቀምጧል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ሲያነብ፣ የእግዚአብሔር መጠሪያ የሆነው ቃል ለኢየሱስም መጠሪያ ሆኖ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ኢሳይያስ 45 እንመለስ። በቂሮስ መሲሕነት የተከፈተው ምዕራፍ፣ ከመላው መጽሐፍ ቅዱስ የአንድ አምላክ እምነት ጎልቶ ከሚሰማባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። «ከእኔ በቀር ሌላ አምላክ የለም» እያለ ይደጋግማል። መጨረሻው ላይ እግዚአብሔር በራሱ ይምላል፤ ጉልበት ሁሉ ለእኔ ይንበረከካል፣ ምላስም ሁሉ በእኔ ይምላል ይላል። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ይህንኑ ቃል አነሣና ጉልበት ሁሉ በኢየሱስ ስም ይንበረከካል፣ ምላስም ሁሉ ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታ እንደ ሆነ ይመሰክራል አለ።

ጳውሎስ ጥቅሱ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ፈሪሳዊ ነው፤ ኢሳይያስን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ከአንድ አምላክ እምነት ሊወጣ የፈለገ ሰው ይህን ጥቅስ አይመርጥም። የመረጠው ያንን እምነት ሳይለቅ ኢየሱስን እዚያው ውስጥ ለማስገባት ነው። ብዙ ሊቃውንት ደግሞ ይህ ክፍል ጳውሎስ ራሱ የደረሰው ሳይሆን ከሱ በፊት ይዘመር የነበረ መዝሙር ነው ይላሉ። የግጥም ምቱ ያስታውቃል፤ ከደብዳቤው ወሬ ወጣ ብሎ ይሰማል። ኢየሱስ የተሰቀለው በ30 ወይም በ33 ግድም ነው። ደብዳቤው የተጻፈው በ50ዎቹ አጋማሽና በ60ዎቹ መጀመሪያ መካከል ነው። መዝሙሩ ከዚያ ይቀድማል ካልን፣ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

1ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ጳውሎስ ሌላ ድፍረት አለው። አይሁዳዊ ማለዳና ማታ የሚደግመው ቃል አለ፦ «እስራኤል ሆይ ስማ፤ አምላካችን እግዚአብሔር አንድ እግዚአብሔር ነው»። ጳውሎስ ይህን ይዞ ለሁለት ይከፍለዋል፦ አንድ አምላክ አብ፣ አንድ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ። ሁለት አማልክት አላለም። ዓለም ሁሉ የተፈጠረው ከአብ፣ በኢየሱስ በኩል ነው ብሎ ያስገባዋል። ክርክሩ በጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ ነበር እኮ! እግረ መንገዱን ነው ይህን የሚለው። ለአንባቢዎቹ አዲስ ትምህርት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፈውም ነበር።

ከመቶ ዓመት በፊት አንዳንድ የጀርመን ሊቃውንት ኢየሱስን ጌታ ብሎ ማምለክ የበቀለው ከአይሁድ ምድር ውጭ፣ ግሪክ ተናጋሪ አሕዛብ መካከል ነው ይሉ ነበር። ለእነሱ የጉሮሮ አጥንት የሆነባቸው አንድ ቃል ነው፤ ማራናታ። ጳውሎስ ግሪክ ለሚናገሩት ለቆሮንቶስ ሰዎች በግሪክኛ ሲጽፍ ቆይቶ፣ ሊጨርስ ሲል ይህን የአራማይክ ቃል ሳይተረጉም ጣል ያደርገዋል። «ጌታችን ሆይ ና» ማለት ነው። አሜንን እንደማንተረጉመው ሁሉ እሱም አልተረጎመውም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። የመጀመሪያዎቹ አራማይክ ተናጋሪ አማኞች፣ ኢየሱስን በዓይናቸው ያዩት ሰዎችና ጓደኞቻቸው፣ በጸሎታቸው «ጌታችን ና» ይሉት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሚዛኑን እንዳልሰብር። አዲስ ኪዳን ኢየሱስን በቀጥታ «አምላክ» ብሎ የሚጠራባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። አንዳንዶቹም ያከራክራሉ። ሮሜ 9፥5 ላይ ነጥቡን የት እናድርግ የሚለው ትርጉሙን ይቀይረዋል፤ ጥንታዊ ቅጂዎች ደግሞ ለሥርዓተ ነጥብ ብዙም አይጨነቁም። ዮሐንስ 1፥18 በአንዳንድ ቅጂ «አንድያ ልጅ»፣ በጣም ጥንታዊ በሆኑት ደግሞ «አንድያ አምላክ» ነው የሚለው። የማያሻማው እዚያው ዮሐንስ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ነው፤ «ቃልም እግዚአብሔር ነበረ» እና የቶማስ «ጌታዬ አምላኬም»።

ሌላ ዓይነት ድምፅም አለ። ሮሜ 1 ላይ ኢየሱስ ከሙታን በመነሣቱ የእግዚአብሔር ልጅ ሆኖ በኃይል ተገለጠ ይላል። የሐዋርያት ሥራ 2 ላይ ጴጥሮስ እግዚአብሔር «ጌታም ክርስቶስም አደረገው» ይላል። «አደረገው» ከተባለ፣ ከዚያ በፊት አልነበረም ማለት ነው? እንዲህ ብለው ያነበቡ ነበሩ። ኢብዮናውያን የሚባሉት አይሁድ ክርስቲያኖች ኢየሱስን መሲሕ ነው ብለው ተቀብለው፣ የተመረጠ ሰው እንጂ አምላክ አይደለም ይሉ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በሙሉ አንድ ዓይነት ያምኑ ነበር የሚላችሁን አትመኑ። ነገሩ ከ300 ዓመት በኋላ ተፈጠረ የሚላችሁንም እንዲሁ።

ለኋለኛው መልሱ ከክርስቲያን አፍ ባይመጣ ይሻላል። በ112 ግድም ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ሰሜን የነበረው የሮም አስተዳዳሪ ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን ደብዳቤ ጻፈ። ክርስቲያን ናችሁ ተብለው የቀረቡለትን መርምሯል። ለንጉሡ ምስል ዕጣንና ወይን ያቀረበ፣ ክርስቶስንም የረገመ ይለቀቃል። አገልጋይ የነበሩ ሁለት ባሪያ ሴቶችን አሰቃይቶ ጠይቋል። ድሮ ነበርን፣ ትተነዋል ያሉትንም ጠይቋል፤ ከሃያ ዓመት በፊት ተውነው ያሉ እንኳ ነበሩ። ምን ታደርጉ ነበር? በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ እንሰበሰባለን፣ ለክርስቶስ «እንደ አምላክ» በቅብብል እንዘምራለን አሉት። አስተዳዳሪው ስለ ትምህርተ መለኮት ደንታ የለውም። የሰማውን ነው የጻፈው። ከኒቅያ ጉባኤ ከ200 ዓመት በላይ ይቀድማል።

ሁለተኛው ምስክር እንዲያውም ተሳዳቢ ነው። ሮም ውስጥ ፓላቲን ኮረብታ ላይ በግድግዳ ልስን የተጫረ ሥዕል ተገኝቷል። ብዙዎች በ200 ገደማ የተጫረ ነው ይላሉ። መስቀል ላይ የተሰቀለ ሰው አለ፤ ራሱ የአህያ ነው። ግርጌው አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ ቆሟል። ከሥሩ በተንጋደደ ግሪክኛ «አሌክሳሜኖስ አምላኩን ያመልካል» ይላል። የሰፈር ፌዝ ነው፤ ጓደኛው ላይ እየሣቀ ነው። ግን ክርስቲያኖች ምን እንደሚያምኑ ፌዘኛው በደንብ ያውቃል። የተሰቀለውን አምላክ ይሉታል።

በ2005 ደግሞ እስራኤል ውስጥ መጊዶ እስር ቤት ግቢ ሲቆፈር የሞዛይክ ወለል ወጣ። ጊዜው 230 አካባቢ ይገመታል። አኬፕቱስ የምትባል ሴት ማዕዱን ለመታሰቢያ «ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ» አቀረበች ይላል። ይህም ከኒቅያ በፊት ነው።

እንግዲህ ኒቅያ ላይ ምን ሆነ? የጠቡ መነሻ የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ነበር። ሰዎች አርዮስን «ኢየሱስ ተራ ሰው ነው» ያለ ያስመስሉታል። አላለም። ወልድ ከዓለም በፊት የነበረ፣ ዓለምን የፈጠረ፣ አምላክ ሊባልም የሚገባው ነው ይል ነበር። ግን «ያልነበረበት ጊዜ ነበር» አለ። ማለትም የመጀመሪያው ፍጡር ነው። ምሳሌ 8 ላይ ጥበብ «ፈጠረኝ» ትላለች ብሎ ይጠቅሳል። ለመርከበኞች፣ ለእህል ፈጪዎችና ለመንገደኞች የሚዘመር ግጥም ሁሉ ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ሞኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ኒቅያ የተሰበሰቡት «ኢየሱስ አምላክ ነው ወይስ አይደለም» ብለው አልነበረም። ጥያቄው ከዚያ የጠበበና የጠነከረ ነበር፦ ወልድ አምላክ የሚባለው አብ አምላክ በሆነበት ልክ ነው ወይስ በታች በሆነ ደረጃ? መልሳቸውን ግእዙ የሃይማኖት ጸሎት ላይ ታገኙታላችሁ። «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ»፤ የተወለደ እንጂ የተሠራ አይደለም። ይቺ «ወአኮ» በቀጥታ ለአርዮስ ነች። ቀጥሎ «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» ይላል። ግሪኩ እዚህ ላይ ሆሞኡሲዮስ ነው፤ አንድ ባሕርይ ያለው እንደማለት። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሌለ ቃል ነው ብለው ቃሉን የጠሉት፣ ከአርዮስ ወገን ያልሆኑም ነበሩ። የግእዙ ተርጓሚ ባሕርይ የሚለውን ከመግፋት «ዕሩይ» አለ፤ በመለኮቱ እኩል። ለእኔ የሚጥም ትርጉም ነው። የፍልስፍናውን ቃል ትቶ ክርክሩ ያለበትን ቦታ ነክቷል።

የድምፅ ብልጫ ነገር አንጀት አያርስም። ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው 318 ናቸው፤ ቁጥሩ አብርሃም ሎጥን ለማስጣል ይዟቸው ከወጣው 318 ሰዎች ጋር አንድ ነው። እዚያ የነበረው የቂሳርያው ጳጳስ አውሳብዮስ ከ250 በላይ ይላል። እስከ መጨረሻው እምቢ ያሉት ጳጳሳት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከሊቢያ የመጡት ሰኩንዶስና ቴዎናስ። ከአርዮስ ጋር ተሰደዱ። ቆስጠንጢኖስ ጉባኤውን ጠርቷል፣ ወጪውን ችሏል፣ ጫናም አድርጓል፤ ይህ አይካድም። የፈለገው ግን ሰላም ነበር።

ሐሳቡ የሱ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሆነው ግራ ያጋባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርዮስን ከስደት መለሰው። የኒቅያን ሃይማኖት አጥብቆ የያዘውን የእስክንድርያ ጳጳስ አትናቴዎስን በ335 ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ትሪር አጋዘው። ራሱ በ337 ሊሞት ሲል ያጠመቀው የአርዮስ ወዳጅ የነበረው ሌላው አውሳብዮስ፣ የኒቆምድያው ጳጳስ ነው። ልጁ ቆንስጣንዮስ ደግሞ ጭራሽ ከኒቅያ ተቃዋሚዎች ጋር ቆመ። አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰደደ። ቤተ መንግሥት ባለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የአርዮስን ሃይማኖት እየደገምን ነበር። ነገሩ የተቋጨው በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ431 ኤፌሶን፣ በ451 ኬልቄዶን ላይ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፦ አምላክና ሰው እንዴት አንድ ሆነ? በኬልቄዶን ሁለት ባሕርይ የሚሉና ተዋሕዶ የሚሉ አብያተ ክርስቲያናት ተለያዩ። ግን ሁለቱም ወገን መሲሑ አምላክ ነው ይላል። ጠቡ እዚያ ላይ አይደለም። እስልምና በበኩሉ ኢየሱስን አል-መሲሕ ብሎ ይጠራዋል፣ አምላክነቱን ግን አጥብቆ ይክዳል። አይሁድም መሲሑን ዛሬም ሰው አድርገው ይጠብቁታል። በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሊቅ ማይሞኒደስ መሲሑ ተአምር ማድረግ እንኳ አይጠበቅበትም ይላል። ማስረጃው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አቂባ ነው። ባር ኮክባን ሲከተል ምልክት አልጠየቀውም ብሎ።

የቀረው «አብ ከእኔ ይበልጣል» የሚለው ነው፤ ዮሐንስ 14፥28። አርዮሳውያን በጣም ይወዱት ነበር። ተቃዋሚዎቻቸው ሁለት መልስ ነበራቸው። አንዱ፣ አብ የሚበልጠው አባት በመሆኑ ነው፤ ልጅ ከአባቱ ይገኛል፣ በባሕርይ ግን አያንስም። ሌላው፣ ይህን የተናገረው ሰው በመሆኑ ነው። ሁለቱም ከኋላ የመጡ ማብራሪያዎች ናቸው፤ ዮሐንስ ራሱ አያብራራም። ያው ወንጌል «እኔና አብ አንድ ነን» ይላል፤ ይህንም ይላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ትቷቸዋል። አንዱን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው ወንጌሉን ግማሹን ነው የሚያነበው፤ የትኛውም ወገን ይሁን።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከዚህ የሚከብድ የሚመስለኝ ሌላ ጥቅስ ነው። ማርቆስ 13፥32 ላይ ያችን ቀንና ሰዓት መላእክትም ልጅም እንኳ አያውቁም፣ አብ ብቻ ነው የሚያውቀው ይላል። ማቴዎስ 24፥36 ላይም ይኸው ቃል አለ፤ ብዙ ቅጂዎች ግን «ልጅም» የሚለውን አይጽፉም። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ኮዴክስ ሲናይቲከስ የሚባለው ትልቁ የግሪክ ብራና የተጻፈው በኒቅያው መቶ ዘመን፣ በ300ዎቹ ውስጥ ነው። አብዛኛው ዛሬ ለንደን ነው ያለው። የማቴዎስን ያንን መስመር ብታዩት፣ መጀመሪያ የጻፈው ሰው «ልጅም» ብሎ ጽፎታል። አራሚ መጣና ሰረዘው። ከዚያ ደግሞ ሌላ አራሚ መጣና መለሰው።